ከክረምት ዕረፍት በኋላ ወደ ትምህርት ቤት መመለስ፦ ተማሪዎችና መምህራን እንዲለምዱ እንዴት እንርዳ?

የክረምት ዕረፍት ከሁለት ወር በላይ ይቆያል። መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ሲከፈት ልጁ ደብተሩን ይዞ በአንድ ቀን ክፍል ይገባል፤ እንቅልፉ፣ የምግብ ሰዓቱና ስሜቱ ግን በአንድ ቀን አብረውት አይመለሱም። መምህሩም እንደዚሁ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጠዋት መነሳት መክበድ፣ መነጫነጭ፣ ክፍል ውስጥ ማንቀላፋት፣ የሆድና የራስ ሕመም በብዛት ይታያሉ። አብዛኞቹ በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ እየቀነሱ ይጠፋሉ። ጥቂቶቹ ግን ያለመልመድ ሳይሆኑ የበሽታ ምልክት ናቸው። በተለይ መስከረም የወባ ወቅት መግቢያ በሆነበት አካባቢ ሁለቱን መለየት የልጅን ሕይወት ሊያተርፍ ይችላል።

ይህ ጽሑፍ በወላይታ ዞን የዳሞት ወይዴ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችውን በዴሳንና አካባቢዋን መነሻ ያደርጋል። አብዛኛው ምክር ግን በሌላ ቦታ ላሉ ቤተሰቦችም ይሠራል። በጥር መጨረሻ አካባቢ ካለው የመንፈቅ ዓመት ዕረፍት በኋላም ተመሳሳይ ነገሮች ስለሚታዩ እዚያም ሊጠቀሙበት ይችላሉ።

በአጭሩ

• እንቅልፍን ትምህርት ከመጀመሩ 8 ወይም 10 ቀን አስቀድሞ ቀስ በቀስ ማስተካከል ከሁሉም በላይ ይረዳል።
• ትኩሳት ያለበት ልጅ "ትምህርት ጠልቶ ነው" ተብሎ አይታለፍም። በ24 ሰዓት ውስጥ የወባ ምርመራ ያስፈልገዋል።
• ትምህርት ቤት አልሄድም የሚልን ልጅ መምታትም ሆነ ለብዙ ቀን ቤት ማስቀረት ችግሩን ያብሰዋል።
• መምህራንም መልመጃ ጊዜ ያስፈልጋቸዋል። የመምህሩ ድካም በተማሪው ላይ ይታያል።

መልመድ ለምን ያስቸግራል?

ሰውነታችን የሚተኛበትንና የሚነቃበትን ጊዜ የሚቆጣጠር የውስጥ ሰዓት አለው። ይህ ሰዓት በዋናነት የሚስተካከለው በብርሃን ነው። በክረምት ልጆች ሲያመሹ፣ ጠዋት ዝናብና ደመና ሲሆን አርፍደው ሲነሱ የውስጥ ሰዓታቸው ወደ ኋላ ይዘገያል። ከዚያ በድንገት ከንጋቱ 12 ሰዓት ተነሱ ሲባሉ ሰውነታቸው ገና እኩለ ሌሊት እንደሆነ ያህል ይሰማዋል። በአሥራዎቹ ዕድሜ ያሉ ወጣቶች ላይ ይህ ይብሳል፤ በዚህ ዕድሜ እንቅልፍ በተፈጥሮው ዘግይቶ ይመጣል።

ሁለተኛው ምክንያት ስሜት ነው። አዲስ ክፍል፣ አዲስ መምህር፣ አዲስ ጓደኛ፣ አንዳንዴም አዲስ የማስተማሪያ ቋንቋ አለ። በወላይታ ልጆች ትምህርት የሚጀምሩት በወላይትኛ ሲሆን ወደ ላይኛው ክፍል ሲያልፉ አብዛኛው መጽሐፍ ወደ እንግሊዝኛ ይለወጣል። በዚያ ዓመት "አልገባኝም" ብሎ የሚጨነቅ ልጅ ሰነፍ አይደለም። ትምህርቱንና ቋንቋውን በአንድ ጊዜ እየተማረ ነው።

ሦስተኛው መርሳት ነው። ረጅም ዕረፍት ላይ የነበረ ልጅ ከተማረው ጥቂቱን መርሳቱ የተለመደ ነው። በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ከመጋቢት 2012 ዓ.ም. እስከ ጥቅምት 2013 ዓ.ም. ድረስ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው በቆዩበት ጊዜ ይህን ብዙ ቤተሰብ በዓይኑ አይቶታል። ከዕረፍት በኋላ ማንበብ የከበደው ልጅ ከተበረታታና ካለፈው ዓመት ትምህርት ክለሳ ካገኘ አብዛኛውን ጊዜ ይመለስለታል።

በበዴሳና በአካባቢዋ መስከረም ምን ይመስላል?

የበዴሳ አካባቢ ወደ ምሥራቅ እየወረደ ወደ ብላቴ ወንዝ ቆላ ይደርሳል። ክረምቱ ሲወጣ በየቦታው የተጠራቀመው ውሃ የወባ ትንኝ መራቢያ ይሆናል። በኢትዮጵያ ዋናው የወባ መተላለፊያ ወቅት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። ይህም ማለት ትምህርት የሚጀመርበትና ወባ የሚበዛበት ጊዜ አንድ ላይ ይገጥማሉ።

በዚሁ ወር የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ይከበራል። ቀኑ ከመስከረም 14 እስከ 20 ባለው ጊዜ ውስጥ የሚውለው እሑድ ነው። መስቀልም መስከረም 17 ላይ ይውላል። በሥራ ምክንያት አዲስ አበባ፣ ሐዋሳና ሌላ ከተማ የከረመ ዘመድ ለበዓል ወደ ቤቱ ይመለሳል። ቤቱ ይሞላል፤ ልጆች ያመሻሉ፤ ሥጋና ቅቤ ይበዛል። ይህ የሚያስደስትና ለልጅ አእምሮም ጥሩ ነገር ነው። ነገር ግን ትምህርት በመስከረም መጀመሪያ የጀመረ ልጅ ገና ሲለምድ በበዓሉ ሳምንት እንደገና ይላላል። ስለዚህ በዚህ አካባቢ መልመድ ሁለት ጊዜ እንደሚጀመር ቤተሰብ አስቀድሞ ቢያውቅ ጥሩ ነው፤ አንዱ ትምህርት ሲከፈት፣ ሌላው ከጊፋታና ከመስቀል በኋላ።

እንቅልፍን ማስተካከል

ባለሙያዎች የሚመክሩት የእንቅልፍ መጠን እንደ ዕድሜው ይለያያል፦

• ከ3 እስከ 5 ዓመት፦ የቀን እንቅልፍን ጨምሮ ከ10 እስከ 13 ሰዓት
• ከ6 እስከ 12 ዓመት፦ ከ9 እስከ 12 ሰዓት
• ከ13 እስከ 18 ዓመት፦ ከ8 እስከ 10 ሰዓት
• ለአዋቂ (መምህራንን ጨምሮ)፦ ቢያንስ 7 ሰዓት

ልጅዎ በክረምት ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ መተኛት ለምዶ ከሆነና ለትምህርት ከምሽቱ 3 ሰዓት መተኛት ካለበት በየቀኑ 15 ደቂቃ ብቻ ቀደም ያድርጉት። በ8 ቀን ውስጥ ይደርሳል። የመነሻ ሰዓቱንም በዚያው መጠን ያቅርቡ። ልጁ ሲነቃ መስኮት ይክፈቱለት ወይም ወደ ውጭ ይውጣ፤ የጠዋት ብርሃን የውስጥ ሰዓቱን በፍጥነት ያስተካክላል።

ማታ ከመተኛት አንድ ሰዓት በፊት ስልክና ቴሌቪዥን ቢቆም ይመረጣል። ከሰዓት በኋላ ቡና ለልጆች አይስጡ። ቅዳሜና እሑድ ከአንድ ሰዓት በላይ አርፍዶ መነሳት የሳምንቱን ልፋት መልሶ ያፈርሰዋል።

ትምህርት ቤቱ በፈረቃ የሚያስተምር ከሆነ ልጁ የከሰዓት ፈረቃ ቢሆንም በጊዜ ይነሳ። በዚህ ዓመት የከሰዓት የሆነው በሚቀጥለው መንፈቅ የጠዋት ሊሆን ይችላል። በተጨማሪም ጠዋት ያለው ጊዜ ለጥናት ምቹ ነው።

ምግብ፣ ውሃና ንጽሕና

ቁርስ ሳይበላ የሄደ ልጅ እስከ ረፋድ ድረስ ትኩረቱ ይበተናል፤ ራሱንም ሊያመው ይችላል። ቁርስ ውድ መሆን የለበትም። ከቤት የሚገኘው የተቀቀለ ስኳር ድንች፣ የበቆሎ ቂጣ፣ ቆጮ ወይም ቅንጬ ጉልበት ይሰጣል። በዚያ ላይ ቦሎቄ፣ ወተት፣ እንቁላል ወይም አቮካዶ ሲጨመርበት የተሻለ ይሆናል። ስኳር ድንች ውስጡ ብርቱካናማ የሆነው ዓይነት በቫይታሚን ኤ የበለጸገ ነው። ቤት ውስጥ ምግብ ያጠረ እንደሆነ ለመምህሩ ወይም ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መንገር አያሳፍርም።

የበዓል ሰሞን ጥሬ ሥጋ ከተበላ የኮሶ ትል ሊመጣ ይችላል። ለልጆች ሥጋ በደንብ ይቀቀል ወይም ይጠበስ። ከዝናብ በኋላ የምንጭና የወንዝ ውሃ ስለሚበከል ተፈልቶ የቀዘቀዘ ወይም በውሃ ማከሚያ የታከመ ውሃ በንጹሕ ዕቃ ይያዝ። በትምህርት ቤት የሚሰጠው የአንጀት ትላትል ማጥፊያ ክኒን ሲመጣ ልጅዎ እንዳያመልጠው ያድርጉ፤ የትላትል ብዛት ደም ማነስንና ድካምን ያመጣል።

ልጁ ጫማ ይልበስ፤ ሲመለስም እግሩን በሳሙና ይታጠብ። በወላይታ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር መሄድ የእግር ዝሆኔ ለተባለው እብጠት ያጋልጣል። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ጫማ በማድረግና እግርን በመታጠብ መከላከል ይቻላል። ከቤተሰቡ ውስጥ ይህ ሕመም ያለበት ካለ ልጁ በክፍል ጓደኞቹ እንዳይገለል መምህሩ ይህንን ለተማሪዎች ቢያስረዳ መልካም ነው።

ለአቅመ ሔዋን የደረሱ ልጃገረዶች በወር አበባ ቀናት ከትምህርት እንዳይቀሩ ሞዴስ ወይም በሳሙና ታጥቦ ፀሐይ ላይ የደረቀ ንጹሕ ጨርቅ ከደብተሩ ጋር አብሮ ይታሰብ።

ትኩሳት፦ ያለመልመድ ነው ወይስ ወባ?

በመስከረምና በጥቅምት "ራሴን አመመኝ፣ ደከመኝ፣ ትምህርት ቤት አልሄድም" የሚል ልጅ ሲያጋጥም መጀመሪያ ገላውን ይንኩ፤ ቴርሞሜትር ካለም ይለኩ። ጭንቀት አብዛኛውን ጊዜ ትኩሳት አያመጣም፤ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና ላብ የወባ ምልክት ሊሆኑ ይችላሉ። እነዚህ ካሉ ወደ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ በ24 ሰዓት ውስጥ ይውሰዱት። ምርመራው ከጣት ጫፍ በሚወሰድ ጠብታ ደም ይሠራል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2024 እስከ ጥቅምት 20 ቀን ድረስ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል። ስለዚህ "የለመድነው በሽታ ነው" ብሎ መዘናጋት አይገባም።

ማወቅ የሚገባዎት ነገሮች፦

• የወባ ምልክት ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ትንኟ ከነከሰች ከ7 ቀን በኋላ ነው። ልጁ ክረምቱን ቆላ ካለ ዘመድ ዘንድ አሳልፎ ከተመለሰ በደጋ ቢሆኑም እንኳ ለጤና ባለሙያው ይንገሩ።
• በአገራችን ሁለት ዋና የወባ ዓይነቶች አሉ። ፋልሲፓረም የተባለው በፍጥነት ወደ ከባድ ሕመም ይለወጣል። ቫይቫክስ የተባለው ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ሊያገረሽ ይችላል።
• ልጁ ሲሻለው መድኃኒቱን ማቋረጥ ወይም ለወንድሙ ማስቀረት አደገኛ ነው። የታዘዘው ሁሉ ይጨረስ።
• ወባ የያዘው ልጅ ከዳነ በኋላም ለተወሰነ ጊዜ ሊደክመውና ደሙ ሊያንስ ይችላል። መምህሩ ይህን ካወቀ ያመለጠውን ትምህርት ቀስ ብሎ ያካክስለታል።

የወባ ትንኝ በአብዛኛው ከምሽት እስከ ንጋት ትናከሳለች። አጎበር ለእንግዳ ተሰጥቶ ልጆች ያለ አጎበር የሚተኙበት የበዓል ሰሞን ስለሆነ የልጆቹን መኝታ አይርሱ።

"ትምህርት ቤት አልሄድም" ሲል

ትኩሳት የሌለው፣ ቅዳሜና እሑድ ደህና የሚውል፣ ሰኞ ጠዋት ግን ሆዱን የሚያመው ልጅ ብዙውን ጊዜ የጭንቀት ሕመም ነው ያለበት። ሕመሙ ውሸት አይደለም፤ ጭንቀት በእውነት ሆድ ያሳምማል። ስለዚህ "ታስመስላለህ" ከማለት ይቆጠቡ።

ደረጃ በደረጃ የሚከተለውን ይሞክሩ፦

1. ምክንያቱን በረጋ ሰዓት ይጠይቁ። ጠዋት በር ላይ ሳይሆን ማታ፣ ሥራ አብራችሁ እየሠራችሁ ሳለ ይሻላል። "ትምህርት ቤት ስትሄድ የትኛው ሰዓት ነው የሚከብድህ?" የሚለው ጥያቄ "ለምን አትሄድም?" ከሚለው የበለጠ መልስ ያስገኛል።
2. የሚያስፈራው ነገር እውነተኛ መሆኑን ያጣሩ። በመንገድ ላይ የሚመታው ልጅ፣ የሚያስፈራራት ወጣት፣ የሚሰደብበት ቅጽል ስም፣ የመጸዳጃ ቤት በር አለመዝጋት፣ የመምህር ዱላ ሊሆን ይችላል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል።
3. ከመምህሩ ጋር ይነጋገሩ። በመጀመሪያው ሳምንት ልጁን በር ላይ የሚቀበለው አንድ ሰው ወይም አንድ ጓደኛ መኖሩ ብዙ ይለውጣል።
4. በፍጥነት ይመልሱት። ሙሉ ቀን ከከበደው በግማሽ ቀን ይጀምር፤ ቤት በቆየ ቁጥር መመለሱ እየከበደ ይሄዳል።
5. ስንብትን አጭር ያድርጉ። በተለይ መዋዕለ ሕፃናትና አንደኛ ክፍል ለሚጀምሩ ልጆች፣ ሳሙት፣ "ስምንት ሰዓት ላይ እመጣለሁ" ይበሉትና ይሂዱ። በተናገሩት ሰዓት ይድረሱ። ተደብቆ መጥፋት የልጁን ፍርሃት ይጨምራል።

ለሥራ ከተማ ከርሞ የተመለሰ ልጅ

ከወላይታ ክረምት ላይ ጫማ ለማስዋብ፣ ሎተሪ ለማዞር፣ ሸቀጥ ለመሸጥ ወይም ቤት ውስጥ ለመሥራት ወደ ከተማ የሚሄዱ ልጆች አሉ። አንዳንዱ የደብተሩንና የዩኒፎርሙን ገንዘብ ይዞ ይመለሳል። አንዳንዱ ዘግይቶ ይመጣል፤ አንዳንዱም አይመለስም። የተመለሰው ልጅ እንደ ሌሎቹ አይደለም። ገንዘብ ቆጥሯል፤ ብቻውን አድሯል፤ ምናልባትም ተደብድቧል፤ ተሰድቧል። ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ "እጅህን አውጣ" መባል ሊከብደው ይችላል።

ይህን ልጅ ለመርዳት፦

• ምዝገባው ቢያልፍም ርዕሰ መምህሩን ያነጋግሩ። ዘግይቶ የመጣን ልጅ በሰው ፊት መውቀስ ወደ መጣበት ይመልሰዋል።
• ስላሳለፈው ነገር በኃይል አይመርምሩት። "ስትፈልግ ንገረኝ፤ አልቆጣም" ማለት ይበቃል፤ ቃልዎንም ይጠብቁ።
• ከ2 ሳምንት በላይ የቆየ ሳል፣ የሌሊት ላብ ወይም የክብደት መቀነስ ካለ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ያስፈልጋል።
• የቆዳ እከክ፣ ቁስል ወይም ቅማል ካለ በጤና ጣቢያ በቀላሉ ይታከማል።
• ወሲባዊ ጥቃት ደርሶበት ወይም ደርሶባት ከሆነ ጥፋቱ የልጁ አይደለም። ጥቃቱ ከደረሰ 72 ሰዓት ካልሞላው ኤች አይ ቪን የሚከላከል መድኃኒት ሊሰጥ ስለሚችል ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ጊዜው ቢያልፍም ሕክምናና ምክር አለ።

ፈተና ሳያልፍ የቀረ ተማሪ

ለአንዳንድ ቤተሰብ መስከረም የውጤት ወር ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2016 ዓ.ም. ከወሰዱት ተማሪዎች ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 5.4 በመቶ ብቻ ናቸው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ቁጥሩ ከዚህም ያነሰ ነበር። ስለዚህ ያልተሳካለት ልጅ ብቻውን አይደለም፤ ብዙኃኑ ከእሱ ጋር ናቸው። የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ፈተና የወደቀና ክፍሉን የሚደግም ልጅም ተመሳሳይ ሐዘን አለበት፤ ጓደኞቹ ወደ ላይ ሲያልፉ እሱ ከታናናሾቹ ጋር ይቀመጣል።

በዚህ ጊዜ ቤተሰብ ሊያደርግ የሚገባው ቀላል ነው፦ ከጎረቤት ልጅ ጋር አለማወዳደር፣ የወጣውን ወጪ አለመቁጠር፣ ለጥቂት ቀን ማዘኑን መፍቀድ፣ ከዚያ ቀጣዩን መንገድ አብሮ መመልከት። ድጋሚ መፈተን፣ የሙያ ትምህርት ወይም ሥራ ሊሆን ይችላል።

ልጁ "መኖር ሰልችቶኛል"፣ "ብሞት ይሻላል" ካለ ወይም ዕቃውን ለሌሎች ማከፋፈል ከጀመረ በቀልድ አይለፉት። ራሱን ለመጉዳት አስቦ እንደሆነ በቀጥታ ይጠይቁት። መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርም፤ ይልቁንም ሸክሙን ያቀላል። ለብቻው አይተዉት። የሰብል ፀረ ተባይ መድኃኒትና ሌሎች ክኒኖችን ከቤት ያርቁ ወይም ይቆልፉ። በዚያኑ ቀን ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት።

የቆየ ሕመም ያለባቸው ተማሪዎች

የሚጥል በሽታ፦ እንቅልፍ ማጣትና መድኃኒት መዝለል መንዘፍዘፍን ያመጣሉ፤ ሁለቱም በበዓል ሰሞንና በትምህርት መጀመሪያ ይበዛሉ። መድኃኒቱ ከማለቁ በፊት ይውሰዱ፤ በድንገት አያቋርጡ። መምህሩ የሚከተለውን ይወቅ፦ ልጁ ሲወድቅ በዙሪያው ያለውን የሚጎዳ ዕቃ ማራቅ፣ ወደ ጎን ማስተኛት፣ አፉ ውስጥ ምንም ነገር አለማስገባት፣ ክብሪት አለማሽተት፣ ሰዓት መያዝ። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከደገመው ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። በሽታው በንክኪም ሆነ በምራቅ አይተላለፍም።

አስም፦ የጠመኔ ብናኝና በግንባታ ወይም በመንገድ ያለ አቧራ ሊያስነሳው ይችላል። የሚነፋው መድኃኒት ከልጁ ጋር ይሁን፤ ከሰሌዳው ራቅ ብሎ ይቀመጥ።

የስኳር ሕመም፦ ኢንሱሊን የሚወስድ ልጅ ምግብ ሳይዘል በሰዓቱ እንዲበላ መምህሩ ይፍቀድለት። ካንቀጠቀጠው፣ ካላበውና ግራ ከተጋባ ስኳር ወይም ጣፋጭ ነገር ወዲያውኑ ይሰጠው።

የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ ልጆች፦ የዕረፍት ጊዜ የመድኃኒት ሰዓት የሚዛባበት ነው። ሰዓቱን ከትምህርቱ ጋር አብረው ያስተካክሉ። ለማን መነገር እንዳለበት የሚወስኑት ቤተሰቡና ልጁ ናቸው።

መምህራንስ?

ብዙ ሰው መምህር በክረምት የሚያርፍ ይመስለዋል። እውነታው ግን ብዙ መምህራን ክረምቱን በዩኒቨርሲቲ የክረምት ትምህርት፣ በሥልጠና፣ በእርሻ ወይም በተጨማሪ ሥራ ያሳልፋሉ። ደመወዝ የዘገየ እንደሆነ ደግሞ ቤታቸው ያለው ጭንቀት አብሯቸው ክፍል ይገባል። ስለዚህ ደክሞ የሚጀምር መምህር ደካማ አይደለም።

መምህር ለራሱ ሊያደርጋቸው የሚችሉ ነገሮች፦

• የመጀመሪያውን ሳምንት ቀለል አድርጎ ማቀድ። አዲስ ምዕራፍ ከመክፈት ይልቅ ያለፈውን ዓመት መከለስና የተማሪዎቹን ስም ማወቅ ይቅደም።
• ድምፅን መጠበቅ። በተማሪ በተጨናነቀ ክፍል ከሁለት ወር ዝምታ በኋላ በአንድ ቀን አምስት ክፍለ ጊዜ መጮህ ጉሮሮን ይጎዳል። ውሃ ይጠጡ፤ ጸጥ ለማሰኘት በድምፅ ፈንታ ጭብጨባ ወይም የእጅ ምልክት ይጠቀሙ። የድምፅ መሻከር ከ3 ሳምንት በላይ ከቆየ ይታዩ።
• ሥራን ወደ ቤት የሚወስዱበትን ቀን መገደብ። በሳምንት ቢያንስ አንድ ምሽት ያለ እርማት ይሁን።
• ከባልደረባ ጋር መነጋገር። የእርዳታ ትርጉም ያለው "ከየትኛው ክፍል ጋር ተቸገርህ?" የሚል አንድ የሥራ ጓደኛ ሲኖር ነው።

ከ2 ሳምንት በላይ የቆየ የስሜት መጨለም፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ከሥራም ሆነ ከሰው መሸሽ፣ ትንሽ ነገር ላይ መቆጣት ወይም መጠጥ መጨመር ካለ ይህ ድካም ብቻ ላይሆን ይችላል። የድባቴ ሕመም ሊሆን ስለሚችል በጤና ጣቢያ ወይም በሆስፒታል ማማከር ይገባል። ሕክምና አለው።

ትምህርት ቤት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት

ርዕሰ መምህራንና የወላጅ መምህር ኅብረት አባላት የሚከተሉትን ቢያስቡ መልመዱ ይቀላል፦

• ፈተናና ከባድ የቤት ሥራን ከመጀመሪያው ሳምንት ማውጣት
• አርፍዶ የመጣን ተማሪ በር ላይ ከማስቀረት ይልቅ ምክንያቱን መጠየቅ
• መጸዳጃ ቤትና የመጠጥ ውሃ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ማዘጋጀት፤ በግቢው የተጠራቀመ ውሃ ማፋሰስ
• ሦስት ቀን በተከታታይ የቀረ ተማሪ ቤት ሰው መላክ። ልጁ ወባ ይዞት፣ ተድሮ ወይም ለሥራ ተመልሶ ሊሆን ይችላል።
• ክረምቱ ላይ ቤተሰብ የሞተባቸውን ልጆችና መምህራን ማወቅ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን የደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። እንዲህ ያለ ሐዘን ከደረሰ በኋላ የተከፈተ ክፍል ውስጥ "ደብተር አውጡ" ከሚለው በፊት የሚነገር የማጽናኛ ቃል ያስፈልጋል።

ወደ ጤና ተቋም መቼ ይኬዳል?

ወዲያውኑ ይሂዱ፦ ልጁ ከተንዘፈዘፈ፣ መጠጣት ወይም መጥባት ካልቻለ፣ የገባውን ሁሉ ካስታወከ፣ ከደነዘዘ ወይም መንቃት ካቃተው፣ ትንፋሹ ከፈጠነ ወይም ከከበደ፣ ሽንቱ ከጠቆረ፣ መዳፉና የዓይኑ ውስጠኛ ክፍል ከነጣ፣ ወይም ራሱን ለመጉዳት እንዳሰበ ከተናገረ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ አገልግሎት ባለበት በ907 መደወል ይቻላል።

በ24 ሰዓት ውስጥ ይሂዱ፦ ትኩሳት ካለ፤ ቢመላለስም እንኳ።

በሳምንቱ ውስጥ ያማክሩ፦ ከ2 ሳምንት በላይ የቆየ ሳል፣ ከ2 ሳምንት በላይ ትምህርት ቤት አለመሄድ፣ በተደጋጋሚ አልጋ ላይ መሽናት የጀመረ ልጅ፣ ሰሌዳ ማየት ወይም መምህሩን መስማት የተቸገረ ልጅ።

መጀመሪያ የሚቀርብዎት የቀበሌው ጤና ኬላ ነው። ከዚያ ጤና ጣቢያ፣ ካስፈለገም በሪፈር በሶዶ የሚገኘው የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ኮምፕሪሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ።

ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ልጄ ለመልመድ ስንት ጊዜ ይፈጅበታል?
አብዛኞቹ ከ2 እስከ 3 ሳምንት። በበዓል ምክንያት ከተቋረጠ ጥቂት ቀን ይጨምራል። ከአንድ ወር በኋላም ካልተሻለው ሌላ ምክንያት ይፈለግ።

ለመነቃቃት ቫይታሚን ልግዛለት?
በደንብ የሚበላና የሚተኛ ልጅ አያስፈልገውም። ደም ያነሰው የሚመስልዎ ከሆነ መድኃኒት ከመግዛት በፊት ያስመርምሩት።

ጊፋታን ቤተ ዘመድ ጋር ሊያሳልፍ ቢፈልግስ?
ይሂድ። አጎበር ባለበት ይተኛ፤ መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ ይዞ ይሂድ፤ ትምህርት ከሚቀጥልበት ቢያንስ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ይመለስ።

ማጠቃለያ

ከዕረፍት መመለስ ለልጅም ለመምህርም የሚያስቸግር ነገር ነው፤ በጊዜ የተጀመረ እንቅልፍ፣ ቁርስ፣ የሚሰማ ወላጅና የሚጠብቅ መምህር ካሉ ግን ያልፋል። ትኩሳትን ግን አይጠብቁት፤ ጭንቀትንም አይናቁት። ሁለቱንም ለይቶ ማየት የቤተሰብ ድርሻ ነው።

ይህ መረጃ ለጠቅላላ ግንዛቤ የቀረበ ነው፤ የጤና ባለሙያን ምርመራ አይተካም።